ከበቾ ሜዳ እስከ ቦንጋ ጫካ

ኅዳር 5፣ በቾ፣ ማለዳ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ቱሉ ቦሎን አልፈን ፀሐይ ብቅ ስትል ሾፌሩን አንድ ማሳ ዳር እንዲያቆምልኝ ለመንኩት። የበቾ ሜዳ በኅዳር ዐይን ያጠግባል። ጤፉ ቢጫ ሆኖ፣ ዛላው ከብዶት፣ ነፋስ በነካው ቁጥር እንደ ውኃ ይናወጣል። በሜዳው ላይ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው በማሳዎች ወሰንና በመንደሮች ዙሪያ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። እኔም የወረድኩት እሱን ብዬ ነው።

ከባሕር ዛፉ ረድፍ ጀምሬ ወደ ማሳው ውስጥ በእርምጃ ለካሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት እርምጃዎች ላይ ያለው ጤፍ አገዳው ቀጥኖና ረዝሞ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ሌላው ለማጭድ ሲደርስ እሱ ገና አረንጓዴ ነው። ዛላውን በመዳፌ ባሸው ያገኘሁት ገለባ የሚበዛበት ነው። ከአሥር እርምጃ በኋላ ያለው ግን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፍሬው የሞላ ጤፍ ነው። ያው ዘር፣ ያው መሬት፣ በአንድ ቀን የተዘራ።

የማሳው ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥንና "አባባ፣ ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?" አልኳቸው።

"ጤፍ ጥላ አይወድም" አሉኝ። "ዛፉ ደግሞ ውኃውን ይጠጣበታል። ከላይ ፀሐዩን፣ ከታች ውኃውን ሲነጥቀው ምን ይሁን?"

ይህን ንግግራቸውን ሳላዛባ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። የጉዞዬ ጥያቄ በሦስት ዐረፍተ ነገር ተነግሮልኛል። ከላይ የመጣውን ችግርና ከታች የመጣውን ችግር ከሰብሉ ላይ ለይቶ ማንበብ ይቻላል ወይ? ለዚህ መልስ ፍለጋ ነው ወደ ቡና አገር የምወርደው።

ጤፍ ጥላ የማይወድበት ምክንያት ከአፈጣጠሩ ነው። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ከአየር የሚስቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጀመሪያ አራት ካርቦን ባለው ውህድ ይይዙትና ወደ ቅጠሉ ውስጠኛ ክፍል ገፍተው ያጭቁታል። ማጨቁ ጉልበት ይፈጃል፤ ጉልበቱም የሚገኘው ከብርሃን ነው። ፀሐይ በሞላበት ሜዳ ትርፉ ከወጪው ይበልጣል፤ ጥላ ሥር ግን ወጪው ይከብዳቸዋል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ እንሰትና ቡና ይህ መግፊያ የላቸውም። ከእነዚህ መካከል ጥላን እንደ ቤቱ የለመደው ቡና ነው።

ኅዳር 5፣ ግቤ በረሃ

ወልቂጤን አልፈን ወደ ግቤ ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ከላይ በጉራጌ ደጋ ከየቤቱ ጓሮ የነበረው እንሰት እዚህ የለም። ማሽላና በቆሎ ነው። ሳንቆም አለፍን።

ኅዳር 5፣ ጅማ፣ ምሽት

እራት የቀረበልኝ የጤፍ እንጀራ በሽሮ ነው። ሳህኑ ላይ ያለውን እያየሁ ስለ ካርቦን አሰብኩ።

ካርቦን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሺህ የካርቦን አተሞች 989 ያህሉ ቀላሉ ካርቦን 12 ናቸው፤ 11 ያህሉ ደግሞ አንድ ኒውትሮን የጨመሩ፣ ከበድ ያሉት ካርቦን 13 ናቸው። ሁለቱም ጨረር አያወጡም፤ በጊዜ ብዛትም አይለወጡም። ኬሚስቶች አይሶቶፕ ይሏቸዋል። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለተክል ግን አይደሉም። ቀላሉ በቅጠሉ ቀዳዳ ፈጠን ብሎ ይገባል፤ ውስጥም ካርቦኑን ወደ ስኳር መንገድ የሚያስገባው ሩቢስኮ የሚባለው ኢንዛይም ቀላሉን ያስቀድማል። ስለዚህ ተክል ሁሉ ከአየር ይልቅ ከባዱ ካርቦን ያንሰዋል።

ላቦራቶሪዎች ይህን ጉድለት ከአንድ የጋራ መለኪያ ጋር እያስተያዩ ከሺህ ስንት እንደሚጎድል ይቆጥራሉ። የመጀመሪያው መለኪያ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ከተገኘ የጥንት የባሕር እንስሳ ቅሪት የተወሰደ ድንጋይ ነበር። በዚህ ሚዛን የዛሬው አየር ከሺህ 8.5 ገደማ ይጎድለዋል። ጤፍና ወገኖቹ 13 ገደማ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አተርና ቡና ደግሞ 27 ገደማ ይጎድላቸዋል። ከፊቴ ያለው እንጀራና በላዩ የፈሰሰው ሽሮ በአንድ ሳህን ላይ ሆነው ከዚህ አንጻር በጣም የተራራቁ ናቸው። ልዩነቱ ወደ በላተኛውም ይሻገራል፤ ጤፍ የሚያዘወትር ሰውና ቆጮ የሚያዘወትር ሰው ፀጉራቸው ቢመረመር ይለያያል።

ይህ በሰብሎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። እኔ የምፈልገው ግን በአንድ ሰብል ውስጥ፣ በአንዱ ቡናና በጎረቤቱ መካከል ያለውን ነው።

ኅዳር 6፣ ከጅማ ወደ ሸቤ

ከመንገዱ ወደ ግራ ገባ ብሎ ጥላ የሌለበት ቡና አየሁ። ጉቶዎቹ አሁንም አሉ፤ ሁለቱ የዋንዛ መሆናቸውን የቡናው ባለቤት ነገረኝ። በዕድሜ እኩያዬ ነው። ልጁ ታሞበት ገንዘብ ቸግሮት ዋንዛዎቹን ለጣውላ ሸጠ። "ጥላው ሲነሣ ቡናው ይጨምራል" ያሉትም ነበሩ።

"እውነት ነው፣ ጨመረ" አለኝ። "ሁለት ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ግን እንደምታየው ነው።"

የማየው ጫፋቸው የደረቀ ቅርንጫፎችን ነው። ቅጠሉ ሳስቷል፤ የቀረውም ጠርዙ ቢጫ እየሆነ ወደ ላይ ታጥፏል። አንዱን ቅርንጫፍ ስይዘው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

የሆነው ነገር ይህ ነው። የቡና ዛፍ የሚያወጣው የአበባ እንቡጥ በሚያገኘው ብርሃን ይወሰናል። ፀሐይ ሲለቀቅበት በየአንጓው እንቡጡ ይበዛል፤ አበባው ፍሬ ይሆናል። ቡና ደግሞ ከአቅሙ በላይ የያዘውን ፍሬ እንደ ብዙዎቹ የፍራፍሬ ዛፎች በቀላሉ አያራግፍም። ለቅጠልና ለሥር የሚሆነውን ምግብ ሁሉ ለፍሬው ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚያፈራበት አዲስ ቅርንጫፍ አይኖረውም። ማዳበሪያና ውኃ እንደ ልብ የሚያገኝ ሰፊ እርሻ ይህን ሊሸከም ይችላል። የአንድ ገበሬ ጓሮ ግን አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ በኮስታሪካ የተደረገ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ከብርሃኑ 45 በመቶው የተከለለበት ቡና ምርቱ በ18 በመቶ ቀንሶ ነበር። ነገር ግን አንድ ዓመት በዝቶ በሌላው የመንጠፍ ጠባዩ ለዘብ ብሏል፤ ፍሬው እስከ አንድ ወር ዘግይቶ በስሏል፤ ቡናው ተለቅ ያለ፣ ሲቀመስም ምሬቱ የቀነሰ ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥላ ሥር ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ፍሬዎቹ ጥቂት ስለሆኑም ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ስኳር ይበዛል። የቡና ቅጠል እንደሆነ ከእኩለ ቀን ሙሉ ፀሐይ ከሲሶው በላይ ያለው ብዙም አይረባውም፤ ትርፉ ቅጠሉን ማሞቅ ነው።

ሰውየው በፈቃዱ አንድ ደህና ቅጠል ሰጠኝ፤ በማስታወሻ ደብተሬ ገጾች መካከል አደረግሁት። ስንሰነባበት "ሳሳ ልተክል ነው" አለኝ። ሳሳ ጃንጥላ የመሰለ አናት ያለው የጥላ ዛፍ ነው። እስኪደርስለት ግን ዓመታት ይፈጃል።

ኅዳር 7፣ ቦንጋ አካባቢ፣ ጫካ ውስጥ

ከትናንት በስቲያ በቾ ላይ ዛፍ በጣት ስቆጥር ነበር። ትናንት ጎጀብን ተሻግረን ከፋ ስንገባ ግን መንገዱ ራሱ ጥላ ሆነ። ከፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆነው ተመዝግበዋል። ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና ዘር ያለ ሰው እጅ የሚበቅለው በዋናነት በእነዚህ የደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ውስጥ ነው።

ዛሬ ጠዋት አንድ የአካባቢው ወጣት ይዞኝ ገባ። ጫካው እንደ ፎቅ ቤት ነው። ከላይ ቀረሮ፣ ከሱ ዝቅ ብሎ ሳሳ፣ ብርብራና ብሳና፣ ከሥር ቡና። መሬቱ በበሰበሰ ቅጠል ስለተሸፈነ እግር ሲረግጠው ይሰምጣል። ፀሐይዋ በቅጠሎቹ መካከል በትንንሽ ቁራጭ ትወርዳለች፤ አንዱ ቅጠል ላይ ጥቂት ሰከንድ ታርፍና ነፋስ ሲነቀንቃት ወደ ሌላው ትሄዳለች። የጫካ ቡና ከሚኖርበት ብርሃን ቀላል የማይባለውን የሚያገኘው ከእነዚህ ቁራጮች ነው።

ጉቶ ላይ ተቀምጬ የሸቤውን ቅጠል ከደብተሬ አወጣሁና ከዚህ ካለው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የሸቤው ትንሽ ነው፤ ወፍራም፣ ሲታጠፍ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ፣ መልኩ የገረጣ። የደብተሬን ዘጠኝ መስመር ሸፈነ። የጫካው አሥራ አራት መስመር ሸፈነ። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ወደ ሰማይ ሳነሣው የጣቴ ጥላ በጀርባው ታየኝ፣ ይህን ያህል ስስ ነው። ብርሃን ያጣ ተክል ያለውን ነገር አሳስቶ ዘርግቶ የምትመጣውን ቁራጭ ሁሉ ለመያዝ ይሞክራል። በቅርንጫፉም ላይ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ረዝሟል፤ ፍሬው በየአንጓው ሁለት ሦስት እየሆነ ነው።

ከኔ ትንሽ ራቅ ብለው እናትና ልጅ ይለቅማሉ። ልጅቱ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ቅርጫቷ በወገቧ ታስሯል፤ በግራ እጇ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጋ በቀኟ ቀዩን እሸት ብቻ አንድ በአንድ ትቀጥፋለች፤ ቢጫውንና አረንጓዴውን ትተዋለች። እናቷን "እማማ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለቅሙት?" አልኳቸው።

"ቀዩ ካለ ቀዩን ነው" አሉኝ። "ቀዩ ሲያልቅና ቅርጫቱ ሙላ ሙላ ሲል ግን ምን ይደረጋል፣ ያልቀላውንም እንጨምራለን።"

የጥላና የካርቦን ነገር ከዚህ በተሻለ ሊነገር አይችልም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ሩቢስኮ ለቃሚ ነው፤ ቀላሉ ካርቦን ቀዩ እሸት ነው፤ ከባዱ ያልቀላው ነው። በጠራራ ፀሐይ ላይ ያለ ቅጠል ቅርጫቱ ሙላ ሙላ የሚለው ለቃሚ ነው። ብርሃኑ ያስቸኩለዋል፤ በቀዳዳው የገባውን አየር ቶሎ ቶሎ ይጨርሳል፤ መምረጥ አይችልምና ከባዱንም ያስገባል። ጥላ ሥር ያለው ቅጠል ግን የሚያስቸኩለው የለም። ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ሥራው ይዘገያል፤ ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይጎድልም፤ ስለዚህ እየመረጠ ቀላሉን ይወስዳል። የጫካው ቡና ከሸቤው ቡና የበለጠ ከባድ ካርቦን ይጎድለዋል ማለት ነው፤ ይህም ከቅጠሉ አልፎ በፍሬው ውስጥ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1982 ግራሃም ፋርኩሃር፣ ማሪዮን ኦሊሪና ጆሴፍ ቤሪ ይህንን በአጭር ቀመር አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ቅጠልን አቃጥለው ጋዙን በመለካት ቅጠሉ ሲያድግ እንዴት ይኖር እንደነበር ያነባሉ።

ጫካ ሌላም ነገር ይጨምራል። ከእግሬ ሥር እየበሰበሰ ያለው ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ያ ጋዝ ከተክል የመጣ ስለሆነ አስቀድሞ ከባድ ካርቦን የጎደለው ነው፤ ነፋስ በማይገባበት ጥቅጥቅ ጫካ ወለል ላይም ይቆያል። ሥር ያሉት ተክሎች እሱን መልሰው ይስቡታል፤ ጉድለቱ በጉድለት ላይ ይደረባል። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቨና ኤርኔስቶ መዲና እ.ኤ.አ. በ1991 ይህን ከአማዞን ጫካ አሳይተዋል፤ በወለሉ አጠገብ ያሉ ቅጠሎች ጉድለታቸው ከሺህ ከ35 ያልፋል።

ናይትሮጅንም የራሱን ይናገራል። ሳሳና ብርብራ እንደ ባቄላ ናይትሮጅን ከአየር የሚወስዱ ዛፎች ናቸው። ይህ ናይትሮጅን በከባዱ አይሶቶፕ መጠን ከአየሩ ብዙም አይለይም። ቅጠላቸው ሲረግፍ ቡናው ይመገበዋል፤ የጥላው ዛፍ በዚህም መንገድ ወደ ፍሬው ይገባል።

ኅዳር 8፣ ቦንጋ

ዛሬ ዝናብ ነበር። ትናንት ያገኘኋቸው እናት ቤታቸው ጋበዙኝ፤ የቡና ቁርሱ ቆሎ ነበር። እስከ በረካው ድረስ ቁጭ ብዬ ስለ ምድጃው ጭስ፣ ስለ ዝንጀሮ፣ ስለ ጀንፈል ዋጋ ሲጨዋወቱ ሰማሁ። ስለ ጥላ ስጠይቃቸው ባለቤታቸው ያሉት ይህ ነው፦ "ሲበዛ ቡናው አያፈራም፤ ሲያንስ ይቃጠላል። በየዓመቱ ቅርንጫፍ እየመለመልን ነው የምንለካው።" መለኪያ መሣሪያ የላቸውም። ወደ ላይ አይተው፣ ሰማዩ የሚታይበትን ቦታ ገምተው ይቆርጣሉ።

ማታ መኝታዬ ላይ ወደ በቾው አባባ ጥያቄ ተመለስኩ። ከላይና ከታች። ውኃ ያጣ ተክል ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ አየር አይገባለትም፤ ስለዚህ ያለውን አሟጦ ይጠቀማል፣ ከባዱንም ያስገባል። ብርሃን ያጣ ተክል ተቃራኒውን ያደርጋል። ጥማትና ጥላ ካርቦኑን ወደ ሁለት የተለያየ አቅጣጫ ይስቡታል። ከባሕር ዛፉ ሥር የተዘራው ስንዴ ወይም ገብስ ቢሆን ኖሮ ፍሬውን መርምሮ የትኛው እንደበረታበት መገመት ይቻል ነበር። ለጤፍ ግን ይህ አይሠራም፤ ካርቦኑን አስቀድሞ ስለሚያጭቅ የቅጠሉ ውስጥ ለቃሚ የመምረጥ ዕድሉ ጠባብ ነው። ለአባባ የምወስድላቸው መልስ ይህ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ሁለቱንም አስቀድመው ያውቃሉ።

አንድ ነገር በግልጽ መጻፍ አለብኝ። ከአንድ ጆንያ ቡና ላይ አንድ ቁጥር ለክቶ "ይህ የጥላ ቡና ነው" ማለት አይቻልም። ከፍታ ይለውጠዋል፤ በተራራ ላይ የሚበቅል ተክል ጉድለቱ ይቀንሳል። የዓመቱ ዝናብ ይለውጠዋል፤ የአፈሩ እርጥበትም። ቁጥሩ የሚናገረው ጎረቤት ከጎረቤት ጋር፣ በአንድ ከፍታ፣ በአንድ ዓመት ሲነጻጸር ነው። በውኃው ውስጥ ያለው ከባዱ ኦክስጅን 18 ሲጨመርበት ደግሞ ምስክርነቱ ይጠነክራል፤ ጥላ ሥር ያለ ቅጠል ብዙ ውኃ ስለማይተንበት ኦክስጅን 18 በውስጡ ብዙም አይጠራቀምም። የቡናን የትውልድ ቦታ የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች እነዚህን ከናይትሮጅን ጋር አጣምረው የሚመለከቱት ለዚህ ነው።

ይህ ምርመራ ከዚህ በኋላ የሳይንስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ጫካ ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ ቡና ወደ ገበያው አይገባም። የቡናውን ምንጭ ማረጋገጥ የሚፈልግ ይበዛል። እነዚህ እናትና ባለቤታቸው በዐይን ለክተው ያቆዩት ጥላ በፍሬው ካርቦን ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድ ቀን ምስክር ሊሆናቸው ይችላል። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ማስረጃው አይደለም። ጥላውን ያቆየ ሰው የሚያጣው ምርት አለ፤ ያንን የሚከፍለው እሱ ብቻውን ነው። የሸቤው ወንድሜ ዋንዛውን የሸጠው ጥላን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ልጁ የታመመ ዕለት ከጥላው የሚገኝ ገንዘብ ስላልነበረ ነው።

ኅዳር 9፣ ወደ ጅማ ስንመለስ

ሸቤ ላይ እንደገና ቆምን። ሰውየው ቤት አልነበረም፤ ባለቤቱ ተቀበለችኝ። በጓሮው ወሰን ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ አየሁ፤ ቆጠርኩ፣ አሥራ አንድ ነው። በጭቃ የተሞላ የፌስታል ችግኝ በጥላ ተደርድሯል፤ ሳሳ ነው፣ ቁመቱ ከስንዝር አያልፍም። ችግኞቹም ራሳቸው እስኪጠነክሩ ጥላ ስለሚፈልጉ በቆጥ ሥር ነው ያስቀመጡት።

የጫካና የጥላ ቡና የምትገዙ፣ የምትልኩ፣ የምትቆሉ ሁሉ፣ እዚህም በውጭም ያላችሁ፦ በስኒያችሁ ውስጥ ያለው ጣዕም አንድ ወር ዘግይቶ የበሰለ ፍሬ ነው። ለዘገየበት ወር፣ ላልተቆረጠውም ዋንዛ፣ ለገበሬው በኪሎው ላይ ጨምራችሁ ክፈሉት።